«ይሄንንማ አውቀዋለሁ» የሚያስብሉ ስህተቶች፦ ሐሳብ፣ ንቃተ ኅሊና፣ ቋንቋና ተነሳሽነትን ስናጠና

የሥነ ልቦና ጀማሪዎችን ሳስጠና አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለ ነርቭ ሴል የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሁሉም ይጨነቃል። ስሙ ከባድ ነው፣ ሥዕሉ ውስብስብ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለው ያጠኑታል፣ ውጤታቸውም ደህና ይሆናል። የሚወድቁት ሐሳብ፣ ንቃተ ኅሊና፣ ቋንቋ፣ ተነሳሽነት የሚሉት ምዕራፎች ላይ ነው። እነዚህን ቃላት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠቀምባቸው ኖረናል። ተማሪው ገጹን ገልጦ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይልና ያልፈዋል። ፈተና ላይ የሚጠየቀው ግን ቃሉ በሙያው ውስጥ ያለው ትርጉም ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያች «አውቀዋለሁ» የሚመጡ ናቸው። አንዳንዶቹን ቶሎ አልፋቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ላይ ግን ቆየት እላለሁ፤ የተማረ ሰውም ሲሳሳትባቸው ስለማይ ነው።

ንቃተ ኅሊናን ከኅሊና ጋር ማምታታት

ይህ በአማርኛ የሚያጠና ሰው በተለይ የሚገባበት ወጥመድ ነው። «ኅሊና» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ክፉና ደጉን የሚለየው የውስጥ ዳኛ ነው። «ኅሊናው ወቀሰው» እንላለን፤ «ኅሊና ቢስ» እንላለን። ስለዚህ «ንቃተ ኅሊና ምንድን ነው?» ሲባል ብዙ ተማሪ ስለ ሥነ ምግባር መጻፍ ይጀምራል።

ንቃተ ኅሊና ግን አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ስለ ራሳችሁና ስለ አካባቢያችሁ የምታውቁት ነገር ነው። ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ መሆኑን፣ ጀርባችሁ የተደገፈውን ነገር፣ ከውጭ የሚሰማውን ድምፅ፣ ከትናንት ጀምሮ ያልለቀቃችሁን ሐሳብ ጨምሩበት። ሌባ ሲሰርቅ ኅሊናው ላይወቅሰው ይችላል። ንቃተ ኅሊናው ግን በቦታው አለ። እንዲያውም ኮቴ ሲሰማ ከማንም በላይ የነቃ እሱ ነው። ይህን የሌባ ምሳሌ ያስታወሰ ሰው ሁለቱን ቃላት መልሶ አያምታታም።

እንደ አምፖል ይበራል፣ ይጠፋል ብሎ ማሰብ

ሁለተኛው ስህተት ሰው ወይ ነቅቷል ወይ አልነቃም ብሎ መደምደም ነው። የሚገርመው አማርኛችን ከዚህ የተሻለ ያውቃል። «ልቤ እዚህ የለም» እንላለን። «ሸለብ አደረገኝ» እንላለን። «ሰመመን ውስጥ ነበርኩ» እንላለን። «ራሱን ሳተ» እንላለን። እነዚህ አንድ ነገር አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሌላ ደረጃ ነው። ዓይናችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ወርዶ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ምንም እንዳልገባችሁ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ነቅታችኋል፣ ዓይናችሁ ይሠራል፣ ገጹንም አገላብጣችኋል። ንቃተ ኅሊናችሁ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

በዚሁ ላይ «ዓይኔ ከተከፈተ አያለሁ» የሚለው እምነት ይጨመራል። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ሙከራ ይህን ክፉኛ ያናጋዋል። ተመልካቾች አንድ ቪዲዮ ያያሉ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ይነገራቸዋል። መሐል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፣ ደረቱን መትቶ፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ግማሽ ያህሉ ተመልካች ጎሪላውን ጨርሶ አላየውም። በኋላ ሲነገራቸው ማመን የከበዳቸው ነበሩ። ቪዲዮውን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ፊቱ ላይ የምታዩት ድንጋጤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

እንቅልፍን እንደ «መጥፋት» መቁጠር

«ስተኛ አንጎሌ ያርፋል» የሚለው መልስ ሙሉ በሙሉ ትክክል ቢሆን ኖሮ የእንቅልፍ ጥናት በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር። በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን እንቅልፍ ውስጥ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን አሳተሙ። ዛሬ ሬም እንቅልፍ የምንለው እሱን ነው። በዚያን ጊዜ የአንጎል ሞገድ ሲለካ የነቃ ሰው ይመስላል። የሰውነት ጡንቻዎች ግን ዝልፍልፍ ብለው ተለቀዋል። አንጎሉ በሥራ ላይ ነው፤ አካሉ ግን አይታዘዝም። አንዳንድ ሰው ነቅቶ «መንቀሳቀስ አቃተኝ፣ የሆነ ነገር ተጭኖኝ ነበር» የሚለው ይህ መለቀቅ ከነቃ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሲቆይበት ነው።

አንድ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ሌሊት አራት ወይም አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ዙሮቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሬም ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የተነሣ ሰው ያጣው ከሁሉም እኩል አይደለም፤ በብዛት የሚያጣው ሬምን ነው።

እዚህ ምዕራፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ስህተቶች ነጥብ ያስጥላሉ። ሕልም የሚታየው በሬም ብቻ ነው የሚለው አንዱ ነው። በሌሎቹ ደረጃዎችም ሕልም አለ፤ በሬም ግን ይበልጥ የደመቀና ታሪክ ያለው ይሆናል። ተኝቶ የሚሄድ ሰው ሕልሙን እየተወነ ነው የሚለው ሁለተኛው ነው። በእንቅልፍ ልብ መሄድ የሚከሰተው በአብዛኛው በጥልቁ፣ ሬም ባልሆነው እንቅልፍ ነው። ቅድም ያልነውን ያስታወሰ ሰው ራሱ ይደርስበታል፤ ጡንቻ በተለቀቀበት ሰዓት ማን ተነሥቶ ይሄዳል?

«ኮንፈርሜሽን ባያስ ማለት ግትርነት ነው»

አሁን ወደ ሐሳብ እንግባ። እዚህ ላይ ከተማሪዎች ጋር ሁሌ የምጫወታት አንዲት ጨዋታ አለች። ወረቀት ላይ «2፣ 4፣ 6» ብዬ እጽፋለሁ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚከተሉት ደንብ አለ፤ ደንቡን እኔ አውቀዋለሁ፣ እናንተ ፈልጉት እላለሁ። የፈለጋችሁትን ሦስት ቁጥር ጥሩ፤ ደንቡን ይከተል አይከተል እነግራችኋለሁ። እርግጠኛ ስትሆኑ ደንቡን ንገሩኝ።

«8፣ 10፣ 12» ይላል አንዱ።

«ይከተላል።»

«20፣ 22፣ 24?»

«ይከተላል።»

«100፣ 102፣ 104!»

«ይከተላል።»

«በቃ አገኘሁት። ሁለት ሁለት እየጨመረ የሚሄድ ነው።»

«አይደለም።»

እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ደንቡ «እየጨመሩ የሚሄዱ ማንኛውም ሦስት ቁጥሮች» የሚል ብቻ ነበር። «5፣ 17፣ 90» ያለ ሰው «ይከተላል» ይባል ነበር፤ የሁለት ሁለቱ ግምትም እዚያው ይወድቅ ነበር። ግን ያንን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚጠራው ግምቱን የሚያጸናለትን ቁጥር ነው።

ሙከራው የእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የፒተር ዋሰን ነው፤ በ1960 ነው የታተመው። ከ29 ተሳታፊዎች መጀመሪያ በሰጡት መልስ ትክክለኛውን ደንብ የተናገሩት 6 ብቻ ነበሩ።

ግምታችንን የሚያጸናውን ብቻ የመፈለግ ዝንባሌ ኮንፈርሜሽን ባያስ ይባላል። ተማሪዎች ይህን ዝንባሌ ሲተረጉሙ «ሰው የያዘውን ሐሳብ አልለቅም ሲል ነው» ይላሉ። ግትርነት አደረጉት ማለት ነው። እስቲ ጨዋታውን መልሳችሁ እዩት። የሚጫወተው ልጅ ከ«ሁለት ሁለት» ጋር ምን ፍቅር አለው? ምንም። ሲነገረው ወዲያው ይተወዋል። ስህተቱ ያለው አፈላለጉ ላይ ነው። «ልክ ከሆንኩ ምን አያለሁ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ከተሳሳትኩ ምን አያለሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን ልዩነት የያዘ ተማሪ የሐሳብን ምዕራፍ ግማሽ ይዟል ብዬ አምናለሁ። ሌላ ሰው ላይ ብቻ ማየቱንም ይተዋል፤ ግትር ያልሆነ ሰውም የሚሠራው ስህተት ነውና።

ሂዩሪስቲክን ከስህተት ጋር አንድ ማድረግ

አልጎሪዝምና ሂዩሪስቲክን ለመለየት የቁጥር ቁልፍ አስቡ። አራት አሃዝ ያለው ቁልፍ ነው፤ ቁጥሩን ረስታችሁታል። አንዱ መንገድ ከ0000 ተነሥቶ እስከ 9999 መሞከር ነው። 10,000 ሙከራ ነው። እያንዳንዱ 3 ሰከንድ ቢወስድ ከ8 ሰዓት በላይ ትቀመጣላችሁ። ግን መከፈቱ የማይቀር ነው። አልጎሪዝም ይሄ ነው። ሌላው መንገድ «ቁልፉን ሳወጣ የትውልድ ዓመት መጠቀም እወድ ነበር» ብሎ ከዚያ መጀመር ነው። በአንድ ደቂቃ ሊከፈት ይችላል፤ ላይከፈትም ይችላል። ሂዩሪስቲክ ይሄ ነው።

ተማሪው መጽሐፉ ውስጥ ሂዩሪስቲክ ሁልጊዜ ከስህተት ጎን ተጽፎ ያገኘዋል። ስለዚህ መጥፎ ነገር ይመስለዋል። በ1974 አሞስ ተቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን ስለ ሂዩሪስቲኮች በጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ ግን አቋራጮቹ በጥቅሉ ጠቃሚ እንደሆኑ፣ አንዳንዴ ግን ከባድና ሊተነበይ የሚችል ስህተት ውስጥ እንደሚከቱ ነው የተናገሩት። ቁም ነገሩ «ሊተነበይ የሚችል» የምትለዋ ላይ ነው። ሰው ዝም ብሎ አይሳሳትም፤ በሚታወቅ አቅጣጫ ይሳሳታል።

የሊንዳን ጥያቄ ውሰዱ፤ በ1983 ያወጡት ነው። ሊንዳ 31 ዓመቷ ነው፣ ያላገባች፣ ግልጽ ተናጋሪ፣ ብሩህ። ፍልስፍና ነው የተማረችው፤ ተማሪ ሳለች ስለ አድልዎና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ በጣም ይቆረቁራት ነበር። የትኛው ይበልጥ ሊሆን ይችላል? ሊንዳ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት? ወይስ የባንክ ገንዘብ ከፋይና የሴቶች መብት ተሟጋች ናት? ከ100 ሰው 85 ያህሉ ሁለተኛውን መረጠ። ግን ሁለቱንም የሆነች ሴት ሁሉ መጀመሪያ ገንዘብ ከፋይ ናት። ሁለት ነገር አብሮ የመሆን ዕድሉ ከአንዱ ብቻ ሊበልጥ አይችልም። ታሪኩ «ሲመስላት» ሒሳቡ ተረሳ።

በነገራችን ላይ ካህነማን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ2002 በኢኮኖሚክስ ነው። ተቨርስኪ አብሮት ያልተሸለመው በ1996 ስላረፈ ነው። «ለምን አንዱ ብቻ?» ብላችሁ ከሆነ መልሱ ይሄ ነው።

ሁለት ተረቶችን ደግሞ በአንድ አንቀጽ ልሸኛቸው። «ሰው የሚጠቀመው አንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ነው» የሚለው ውሸት ነው። ቀላል ሥራ ስንሠራም ብዙ የአንጎል ክፍሎች ይሳተፋሉ፤ ትንሽ ቦታ ላይ የደረሰ ጉዳት እንኳ ከባድ ችግር ያመጣል። 90 በመቶው ትርፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። «እኔ የቀኝ አንጎል ሰው ነኝ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ሮጀር ስፔሪ ሁለቱን ንፍቀ አንጎል የሚያገናኘው ገመድ የተቆረጠባቸውን ሕሙማን አጥንቶ በ1981 ኖቤል ተሸልሟል። እሱ ያሳየው ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው ብልጫ እንዳላቸው ነው። ሰዎችን የቀኝና የግራ ብሎ መክፈል ከዚያ አይወጣም። የእናንተ አንጎል ገመዱ አልተቆረጠም፤ ሁለቱም ሲያወሩ ይውላሉ።

ፊደልን ከድምፅ ጋር ማምታታት

የቋንቋ ምዕራፍ የሚጀምረው በፎኒም ነው። ተማሪው «ፎኒም ማለት ፊደል ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህን ስህተት ለማረም የአማርኛ ተናጋሪን ያህል የታደለ የለም፤ ምሳሌው አፋችን ውስጥ ነው።

«አለ» የሚለውን ቃል ጻፉ። አሁን አንብቡት። «እመጣለሁ አለ» ስትሉ ለ ላልቶ ይነበባል። «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ስትሉ ለ ጠብቆ ይነበባል። ፊደሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን የትና የት ነው። «ዋና» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ሲጠብቅ «ዋናው ነገር» የምንለው ነው። ትርጉም የሚለየው ድምፅ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ጆሯችን ግን ይለየዋል። በተቃራኒው ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ፊደላት ናቸው። ስናነባቸው ግን አንድ ድምፅ ነን ይላሉ። ፎኒም ማለት በአንድ ቋንቋ ውስጥ ትርጉም መለየት የሚችል ትንሹ የድምፅ አሃድ ነው። ፊደል ያንን ለመጻፍ የተፈጠረ ምልክት ነው፤ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ያንሳል።

ከዚያ ምዕላድ ይመጣል፤ ሞርፊም የሚባለው። እዚህ ላይ «ምዕላድ ማለት ቃል ነው» የሚል ስህተት ይጠብቃችኋል። «አልመጣችም» አንድ ቃል ነው። ውስጡን ስትከፍቱት ግን «አል…ም» አሉታውን ይሰጣል፣ «መጣ» ድርጊቱን ይሰጣል፣ «ች» ያልመጣችው ሴት መሆኗን ይነግረናል። ትርጉም ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች እነዚህ ናቸው። ለፈተና የራሳችሁን ቃል እንዲህ ብትበትኑ ከመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ምሳሌ በተሻለ ይገባችኋል።

«ልጅ ቋንቋን የሚማረው የሰማውን በመድገም ነው»

ደግሞ ይሄ አለ። ልጅ ይሰማል፣ ይደግማል፣ ይመሰገናል፣ ይማራል። ቢ ኤፍ ስኪነር በ1957 ቋንቋን እንደ ማንኛውም በማበረታቻ የሚገነባ ባሕሪ አድርጎ ጻፈ። ኖአም ቾምስኪ በ1959 ብርቱ ትችት አወጣበት። ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ፤ ይህ በመድገም ብቻ እንዴት ይሆናል ነው ክርክሩ።

በራሳችን ቋንቋ እንየው። በላ — ብላ። ወጣ — ውጣ። መጣስ? ትልቅ ሰው «ና» ይላል። ቃሉ ከመስመሩ የወጣ ነው። አፍ የፈታ ሕፃን ግን «አባባ ምጣ» ቢል አይግረማችሁ። «ምጣ» የሚል ትልቅ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ከማን ሰማው? ከማንም። ከ«ብላ» እና ከ«ውጣ» ደንቡን ራሱ አውጥቶ «መጣ» ላይ ሠራበት። ስህተቱ የብልህነቱ ማስረጃ ነው። ጂን በርኮ በ1958 ይህንኑ በሙከራ አሳይታለች። ልጆች ጨርሶ ሰምተውት የማያውቁትን የፈጠራ ስም ሰጠቻቸው፤ እነሱም በቋንቋቸው ደንብ ወደ ብዙ ቁጥር ለወጡት።

ታዲያ «ሁሉም አብሮን የተወለደ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ጥግ መሮጥም አያዋጣም። በ1996 ጄኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ የ8 ወር ሕፃናትን ያለማቋረጥ የሚፈስ የፈጠራ ድምፅ ለ2 ደቂቃ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ድምፅ የትኛውን አዘውትሮ እንደሚከተል በማጤን ብቻ «ቃላቱን» ለዩ። ሁለት ደቂቃ! ልጅ ሳይወለድ ያገኘው ዝግጁነት አለ፣ ከሚሰማውም የሚለቅመው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ሕፃን መልስ ባይሰጥም ማውራት የሚገባው።

ብሮካና ቬርኒኬ የሚባሉትን ከቋንቋ ጋር የተያያዙ ሁለት የአንጎል ክፍሎች የምታቀያይሩ ካላችሁ፣ እኔ የምጠቀምበትን ልስጣችሁ። ብሮካ ሲጎዳ ንግግር ይብረከረካል። ሰውየው የሚለውን ያውቃል፣ ቃሉ ግን በግድ ነው የሚወጣለት። ፖል ብሮካ በ1861 የገለጸው ሕመምተኛ መናገር የሚችለው «ታን» የምትለዋን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ካርል ቬርኒኬ በ1874 የገለጸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ንግግሩ ይፈሳል፣ ትርጉሙ ግን አይያዝም፤ የሌላውን ንግግር መረዳትም ይከብደዋል። ዛሬ ቋንቋ በሁለት ሳጥን እንደማያልቅ፣ በሰፊ የአንጎል መረብ ላይ እንደሚሠራ ይታወቃል። መነሻው ግን እነዚህ ናቸው።

«ቋንቋችን ካልሰየመው ልናስበው አንችልም» የሚለውንም ተዉት። አማርኛ አንድን ሰው በቅርበት ስታናግሩ «አንተ» ወይም «አንቺ» እንድትሉ ያስገድዳል። ይህን የማይለይ ቋንቋ የሚናገር ሰው ወንድና ሴት መለየት አቃተው ማለት አይደለም። ቋንቋ ምን ላይ ቶሎ እንደምናተኩር ይነካል። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለደማቅና ለፈዛዛ ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያሏቸው የሩሲያኛ ተናጋሪዎች ሁለቱን ቀለማት ሲለዩ ትንሽ ይፈጥናሉ። ይፈጥናሉ እንጂ ሌላው ሰው ጨርሶ አያይም አልተባለም።

ሞቲቬሽንን ከሞቅታ ጋር አንድ ማድረግ

«ዛሬ ሞቲቬሽን የለኝም»። «ንግግሩን ሰምቼ ሞቲቬት ሆንኩ»። በየቀኑ የምንለው ነው። በዚህ አጠቃቀም ቃሉ መሟሟቅን ብቻ ይገልጻል። በሥነ ልቦና ግን ተነሳሽነት ሦስት ነገር ይዟል፦ ባሕሪን ምን አስነሣው፣ ወዴት መራው፣ እስከ መቼ አቆየው። ውኃ የጠማው ሰው ንግግር የሚያነቃቃው አያስፈልገውም። ተነሥቶ ይፈልጋል፣ እስኪያገኝም አያርፍም።

ይህን ትርጉም ከያዛችሁ «ሞቲቬሽን የለውም» የሚለው አባባል ራሱ ይጠረጠራል። ለፈተና ማጥናት ሲገባው ሙሉ ቀን ስልኩ ላይ የዋለ ልጅ ተነሳሽነት አጣ? አላጣም። ለብዙ ሰዓታት ያቆየው ነገር አለ። ምናልባት መሞከርና መውደቅን እየሸሸ ነው። ካላጠናሁ «ስላላጠናሁ ነው» እላለሁ፤ አጥንቼ ብወድቅ ግን ምን እላለሁ? ይህ ፍርሃት በጣም ብርቱ ተነሳሽነት ነው። «ሰነፍ» ብለን ስም ስንለጥፍበት ግን መጠየቃችንን እናቆማለን፤ ልጁም ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። ይህን ስህተት ከሁሉም አብልጬ የምጠላው ለዚህ ነው።

«ሽልማት በጨመርክ ቁጥር ፍላጎት ይጨምራል»

ወላጅም፣ አለቃም፣ መምህርም የሚያምኑበት ነው። በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስበት ያሳተሙትን ሙከራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሕፃናቱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ናቸው፤ በማርከር መሳል የሚወዱት ተመርጠው ነው። በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ «ከሳላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባሉ፣ ሳሉ፣ ተሸለሙ። ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው ሳሉ፣ ከዚያ ድንገት ተሸለሙ። ሦስተኛዎቹ ሳሉ፣ በቃ።

ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ሽልማት የለም፤ የፈለገ ይሳል ተባለ። ሽልማቱን እየጠበቁ የሳሉት ልጆች ማርከሩ ላይ ያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ይወዱት የነበረው ነገር ሥራ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ ተማሪው ሁለተኛ ስህተት ይሠራል፤ «እንግዲያው ሽልማት ጎጂ ነው» ብሎ ይደመድማል። ድንገት የተሸለሙት ልጆች ምን ሆኑ? ምንም አልሆኑም። ፍላጎታቸው እንዳለ ነው። ችግር ያመጣው ሰው ድሮውንም በሚወደው ነገር ላይ «ይህን ካደረግክ ይህን አገኛለህ» የሚለው ቀድሞ የተነገረ ውል ነው። ማንም በማይወደው አሰልቺ ሥራ ላይ ሽልማት ሊረዳ ይችላል፤ የሚጠፋ ውስጣዊ ፍላጎት መጀመሪያውኑ የለምና።

የማስሎን ፒራሚድ እንደ ደረጃ መውጣት

አብርሃም ማስሎ የሰው ፍላጎቶች እንደ ምግብና ውኃ ካሉት መሠረታዊዎቹ ጀምሮ በቅደም ተከተል ናቸው የሚለውን ሐሳቡን ያሳተመው በ1943 ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የለም፤ ሥዕሉ በኋላ በሌሎች የመጣ ነው። ሥዕሉ ግን የራሱን ስህተት ይዞ መጣ፤ ታችኛው እርከን ሙሉ በሙሉ ካልሞላ ላይኛው አይነካም የሚል። ማስሎ ራሱ ቅደም ተከተሉ ያን ያህል የማይነቃነቅ እንዳልሆነ ጽፏል። ለእምነቱ ብሎ የሚራብ ሰው አለ። ልጇን ለማዳን ራሷን አደጋ ላይ የምትጥል እናት አለች። ንድፈ ሐሳቡን ተማሩት፤ ግን ተመራማሪዎች ቅደም ተከተሉን በማስረጃ ማጽናት እንደከበዳቸውም አብራችሁ ጻፉ።

በ1908 የወጣው የየርክስና ዶድሰን ግኝትም የሥዕል ሰለባ ነው። ሥዕሉ የተገለበጠ ሳህን ይመስላል፤ «መካከለኛ ጭንቀት ምርጥ ውጤት ያመጣል» ይባላል። ሙከራው የተሠራው በአይጦች ላይ ነው። መካከለኛው ማነቃቂያ የተሻለ የሆነውም ሥራው ከባድ ሲሆን ነው። ቀላል ሥራ ላይ ማነቃቂያው ሲበረታ ትምህርቱም ፈጠነ። ግማሹ ተረስቶ ግማሹ ሲጠቀስ ነው የኖረው።

አንብቤዋለሁና አውቀዋለሁ

የመጨረሻው ስህተት ስለ አጠናኑ ነው። አንድ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ያነበበ ተማሪ ገጹ ይለመደዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጨረሻው ይመጣለታል። ይህን ቅለት ከዕውቀት ይቆጥረዋል። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ ይህንን ፈተኑት። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። አንብቦ እንደጨረሰ «ችዬዋለሁ» የሚል ሰው የሚሸወደው የ5 ደቂቃዋን ውጤት አይቶ ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ባዶ ወረቀት አውጡ። የ«2፣ 4፣ 6»ን ደንብ፣ የ«አለ»ን ሁለት ንባብ፣ ሽልማት ሲጠብቁ የሳሉት ልጆች ምን እንደሆኑ ጻፉ። የጠፋችሁ ካለ እሱን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ባዶ ወረቀት።